ካማሮው በእርግጥ ዜድ 28 ሆኖ ከፋብሪካ ወጥቷል? ችግርና መፍትሄ

የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሼቭሮሌት ካማሮ ዜድ 28 ዋጋው ከተራው ካማሮ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ተራውን ዜድ 28 አስመስሎ የሚሸጥ ሞልቷል። አርማው፣ ኮፈኑና በላዩ የሚቀባው ወፍራም መስመር ሁሉ አዲስ ተሠርቶ ይገኛል። እነዚህን ትተው አስመሳይ የማይደርስባቸውን ቦታዎች ይመልከቱ።

የሻንሲ ቁጥሩ ስለ ዜድ 28 ምንም አይልም

ይህ ብልሽት አይደለም። ዜድ 28 ገዢ ጨምሮ የሚያዘው ጥቅል እንጂ ራሱን የቻለ ሞዴል ስላልነበረ፣ ቁጥሩ ከሌላው ባለ 8 ሲሊንደር ካማሮ አይለይም። መጀመሪያው 12437 መሆን አለበት። 12337 ከሆነ መኪናው የተወለደው በ6 ሲሊንደር ነው፣ ቀሪውን ምርመራ መተው ይቻላል። 12467 ደግሞ ጣሪያው የሚታጠፈው ነው፤ በ1969 ዜድ 28 በዚያ አካል አልቀረበም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ተቀይሯል ብለው ከጠረጠሩ ከዋይፐሩ ሥር ያለውን ወንፊት ክዳን ያንሱ፤ በተሳፋሪው በኩል ግድግዳው ላይ የቁጥሩ ክፍል ተመትቷል። ሁለተኛው ከማሞቂያው ሳጥን ጀርባ ነው። የዳሽቦርዱን ሰሌዳ ግን በፍጹም አይንቀሉ፤ በአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ነው።

የቦዲ ሰሌዳው ላይ የኤክስ ኮድ የለም

ሰሌዳው በሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ፣ በሹፌሩ በኩል ተገጥሟል። የኤክስ ኮድ መኪናው በየትኛው ጥቅል እንደተሠራ የሚጠቁም ምልክት ነው፤ ኤክስ 33 እና ኤክስ 77 ዜድ 28 ናቸው። ኤክስ 11 ግን ሻጮች እንደሚሉት “ኤስ ኤስ” (ሌላው የካማሮ የስፖርት ጥቅል) ማለት ብቻ አይደለም፤ የጌጥ ጥቅል ብቻ ያለው ተራ መኪናም ይህንኑ ኮድ ይይዛል።

ኮዱ ከጠፋ መጀመሪያ ፋብሪካውን ይዩ። በሻንሲ ቁጥሩ ውስጥ ኤል ፊደል ካለ መኪናው የሎስ አንጀለስ ነው፣ እዚያ ኤክስ ኮድ አልተጠቀሙም። ኤን ከሆነ ኖርዉድ፣ ኦሃዮ ነው፤ እዚያም የጀመሩት በ1968 መጨረሻ ስለሆነ ቀደም ያሉት የላቸውም። ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ፦ ሰሌዳው ላይ “10” (የፈረንጆቹ አሥረኛ ወር) ጥቅምት 1968 ወይም ጥቅምት 1969 ሊሆን ይችላል፣ ምርቱ እስከ ኅዳር 1969 ተራዝሞ ነበርና። የሚለየው የሻንሲው ተከታታይ ቁጥር ነው።

የሞተር ቁጥሩ ይገጥማል፣ ግን አያሳምንም

ማኅተሙ ከቀኝ ቴስታታ ፊት ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ነው፤ ዲናሞው ከጋረደው አላልተው ገለል ያድርጉት። ቅባቱን በቤንዚንና በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት አይንኩ፤ የሚፈልጉትን ማስረጃ ራስዎ ያጠፉታል። ማስረጃው ፋብሪካው ብረቱን ሲልግ የቀሩት፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ናቸው። ቦታው ልስልስ ብሎ ፊደሎቹ ስል ከሆኑ ብሎኩ ተልጎ እንደገና ተመትቷል። ቶርኖ ቤት ለጥገና ብቻ ልጎት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ግን ቁጥሩ አብሮ ይጠፋ ነበር።

የዜድ 28 ሞተር የሆነው የ302ቱ (መጠኑ 302 ኪዩቢክ ኢንች) ኮድ ዲ ዜድ ነው። ከኮዱ አጠገብ ወይም ከዘይት ፊልትሮው በላይ የሻንሲው ቁጥር ክፍል መኖር አለበት። በሱ ፋንታ “ሲ ኢ” ካለ ፋብሪካው በምትክ የሰጠው ብሎክ ነው፤ ማጭበርበር ባይሆንም የመኪናው የመጀመሪያ ሞተር አይደለም።

የብሎኩ ቅርጽ ማውጫ ቁጥር 3970010 ስለሆነ ብቻ አይደሰቱ። ያው ቁጥር እስከ 1979 በ350 ሞተሮች ላይ አለ። የቀረጻ ቀኑ (ብሎኩ ቀልጦ ቅርጽ የወጣበት ቀን) ላይ የሚጻፈው የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ብቻ በመሆኑ “9” 1969ም 1979ም ይሆናል። የሲሊንደሩ ስፋትም አይለይም፣ ሁለቱም 101.6 ሚሊሜትር ናቸው። ቴስታታው ከተነሳ የፒስተኑን ጉዞ ይለኩ፦ 302ቱ 76.2፣ 350ው 88.4 ሚሊሜትር ይሆናል።

ቀኖቹም በቅደም ተከተል መውደቅ አለባቸው፦ መጀመሪያ ቀረጻ፣ ቀጥሎ የሞተሩ መገጣጠም፣ በመጨረሻ መኪናው። ሞተሩ ከመኪናው በኋላ የተገጠመ ሆኖ ከተገኘ የመኪናው የመጀመሪያ ሞተር አይደለም፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ሞተሩ ጠፍቷል፣ ወረቀትም የለም

ከሥር ይግቡ። ዜድ 28 ያለ 12 ብሎን ዲፈረንሻል፣ ያለ ፊት ዲስክ ፍሬንና ያለ ባለ 4 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ አልወጣም፤ ኤር ኮንዲሽነርም አልነበረውም። ከሁሉ የሚረሳው የነዳጅ ቱቦው ነው፦ 3/8 ኢንች መሆን ሲገባው አስመሳዮቹ የተራውን 5/16 እንዳለ ይተዉታል። የፋብሪካው የትዕዛዝ ወረቀት አንዳንዴ ከነዳጅ ታንኩ በላይ ወይም ከኋላ ወንበር ስፕሪንግ ውስጥ ተሰክቶ ስለሚገኝ፣ ታንኩን ባወረዱበት አጋጣሚ ላዩን ሳያዩ አይመልሱት።