ስልክ ሲጠራ ቶሎ አታንሱት

ስልክ ሲጠራ እጃችሁ ቀድሞ ይሮጣል አይደል? እስቲ ቆይ በሉት።

ቬትናማዊው የዜን መነኩሴ ቲክ ናት ሃን በ1982 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ባቋቋሙት ፕለም ቪሌጅ የተባለ የቡድሂስት ገዳም፣ ስልክ ሲጠራ ወይም የግድግዳ ሰዓት ሲደውል ሁሉም ባለበት ይቆማል። ወጥ ቤት ሽንኩርት የሚከትፈው እንኳ ቢላውን ያሳርፋል። ሦስት ጊዜ በቀስታ ተንፍሰው ይቀጥላሉ።

ቢሮም ይሠራል፤ ማንም አይነቃባችሁም። ሁለቴ እስኪጠራ ጠብቁ። ትከሻችሁን ልቀቁት፣ አየር በአፍንጫ ሳቡ፣ ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ፣ ከዚያ "ሄሎ"። ደዋዩ አለቃችሁ ከሆነ አንድ ትንፋሽ ጨምሩ። ቡድሂስት መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ምንጣፍና ሻማም አያስፈልግም።

የቴሌግራሙን ድምፅ ግን ዝም ብላችሁ አጥፉት። ለእያንዳንዷ ሜሴጅ ሦስቴ እየተነፈሱ ሥራ የለም!