የአባታችሁን ታሪክ ሰው ከማስጻፋችሁ በፊት

ደሴም ኮምቦልቻም ብትሄዱ የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ እንዲወጣ የሚመኙ አዛውንት አታጡም። ሲያወሩ ይጣፍጣል፤ ብዕር ሲይዙ ግን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ጎስት ራይተር ይቀጥራሉ፤ ሰምቶ የሚጽፍ፣ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ የማይወጣ ጸሐፊ ማለት ነው። ይሄ ነውር የለበትም። የሚያሳዝነው ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ አባትየው ራሳቸውን የማያገኙበት መጽሐፍ ሲታተም ነው።

ትልቁ ስህተት ቃላት አሳማሪ መምረጥ ነው። ግጥም ስለሚችል ብቻ ሥራው የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው። ለሌላ ሰው መጻፍ ግን ከሁሉ በፊት ጆሮ ይፈልጋል። አንድ አዛውንት የ1977ቱን ድርቅ ሲያወሩ እንዲህ አሉ እንበል፦ «በሬዎቹን አንድ በአንድ ሸጥናቸው። አባቴ ሞፈሩን ግን አልሸጥም አለ። ዝናብ ሲመጣ በምን ላርስ ነው አለ።» ቃላት አሳማሪው ይሄን ሰምቶ «በወቅቱ የተከሰተው አስከፊ ድርቅ በአርሶ አደሩ ኑሮ ላይ ከባድ ጉዳት አስከትሏል» ብሎ ይጽፈዋል። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም። ሞፈሩ ግን ጠፋ፤ አልሸጥም ያሉት ሰውዬም አብረው ጠፉ።

ስለዚህ ከመፈራረማችሁ በፊት ጸሐፊውን ፈትኑት። አባታችሁን አንድ ሰዓት ያህል በስልክ ቅዱና ስጡት፤ ሁለት ገጽ ጽፎ ያምጣ። የድካሙን ክፈሉት። ከዚያ ጽሑፉን ለአባታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «እኔ እንዲህ አልልም» ካሉ ሌላ ሰው ፈልጉ። «እስካሁን ለማን ለማን ጻፍክ?» ብላችሁ ብቻ አትወስኑ። ጥሩ ጎስት ራይተር የሰው ምስጢር ስለሚጠብቅ ብዙ ሥራውን ማሳየት አይችልም። የሌሎችን ገመና የሚዘረግፍላችሁ ከሆነ ነገ የእናንተንም ያወራል።

ሁለተኛው ስህተት፣ አገሩን ለማወቅ የማይጥር ሰው መቅጠር ነው። የግድ ወሎዬ ይሁን አልልም። ግን ከሚሴ ወይም ባቲ ያደጉ እናት ልጅነታቸውን የሚያወሩት በኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ አውሩ ሲባሉ ያሳጥሩታል፤ ጨዋታው እዚያው ይቀራል። ወንድም ሼህ፣ እህት ቆራቢ የሆኑበት ቤተሰብ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። እንግዳ ጸሐፊ ግን ወይ የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ያደርገዋል፣ ወይ ዘሎት ያልፋል። ዘመን ላይም እንዲሁ ነው። አዛውንቶቻችን «ያን ክፉ ቀን» ብለው ያልፋሉ። የትኛውን? የ1966ቱ ረሃብ የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው፤ የ1977ቱ የደርግ ጊዜ ነው። ከወሎ ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦርና ወለጋ የተወሰደው በሁለተኛው ነው። ይሄን የማይጠይቅ ጸሐፊ የአንድን ሰው ዕድሜ አሥር ዓመት ያዛባል።

«አብሽሩ፣ እኛው ለእኛው ነን» ተባብሎ ያለ ውል መጀመርም በኋላ ያጣላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ማለትም አሳትሞ ሸጦ የመጠቀም መብት፣ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ መብቱ የማን እንደሆነ፣ ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንደሚወጣ፣ ምስጢር መጠበቁ፣ ረቂቁ ስንት ጊዜ እንደሚታረም ይጻፍ። ክፍያውን ቀብድ ስጡና የቀረውን በየምዕራፉ አድርጉት። ዋጋ ስትከራከሩም የማይታየውን ድካም አስቡ፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ከቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብቻ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ልጆች ሁሉ አራሚ አይሁኑ። አንዱ ይወከል፣ ሌላው አስተያየቱን በእሱ በኩል ይስጥ።

ስም ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። አባታችሁ በቀይ ሽብር ጊዜ ማን ማንን እንደጠቆመ ያወሩ ይሆናል። የተባለው ሰው ልጆች ዛሬም እዚያው ሰፈር ሊኖሩ ይችላሉ። መጽሐፉ ሲወጣ የሚጠየቀው ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ነው፤ ጸሐፊውን የሚያውቀው የለም። ማስረጃ የሌለው ነገር በስም አይውጣ። ረቂቁንም ከማተሚያ ቤት በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ይየው።

የመጨረሻው የድምፅ ቅጂዎቹ ነገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ድምፁን ጸሐፊው ስልክ ላይ ትቶት ይረሳል። በ2014ቱ ጦርነት እዚህ ስንት ቤትና ቢሮ እንደተዘረፈ አይተናል። በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ። ጸሐፊው ሲጨርስ ቅጂዎቹን በሙሉ ያስረክብ፤ የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ይሁን።