የጉበት ተቀባይ ፕሮቲን ያለው የሕዋስ መስመር፦ አዘገጃጀቱ፣ ማረጋገጫውና አያያዙ

በጉበት ሕዋስ ላይ፣ ከደም ጋር በሚገናኘው ጎኑ፣ የሐሞት ጨውን ከሶዲየም ጋር ወደ ውስጥ የሚያስገባ ኤንቲሲፒ የተባለ ፕሮቲን ይገኛል። የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ዲ ቫይረሶች ወደ ሕዋሱ የሚገቡት ይህንኑ ፕሮቲን ይዘው መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 በቤጂንግ በተደረገ ምርምር ነው። በየላቦራቶሪው በቀላሉ የሚያድገው ሄፕጂ2 የተባለው የሰው ጉበት ዕጢ ሕዋስ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው እጅግ በጥቂቱ በመሆኑ፣ ለእነዚህ ቫይረሶች ጥናት የሚበቃው ዘረመሉ ከውጭ ሲገባለት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ በጥቁር አንበሳም ሆነ በአራት ኪሎ አካባቢ እንዲህ ያለ የሕዋስ መስመር፣ ማለትም ከአንድ መነሻ የተገኘና በላቦራቶሪ የሚራባ የሕዋስ ስብስብ፣ ለማዘጋጀት ላሰበ ተመራማሪ የተጻፈ ነው። ዘረመሉን ማስገባት የሥራው አጭሩ ክፍል ነው፤ ጊዜ የሚወስደው ፕሮቲኑ በሕዋሱ ገጽ ላይ ወጥቶ ሥራውን እንደሚሠራ ማረጋገጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው የተቋምዎን የደኅንነተ ሕይወት ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋንን የሚመለከተው የአገሪቱ ሕግ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው ስለሆነ፣ ማመልከቻውን ሲያዘጋጁ አዋጁን ቢያነቡት ይጠቅምዎታል። መነሻ ሕዋሱን ማንነቱ በዘረመል ምርመራ ከተረጋገጠበት የሕዋስ ባንክ ያስመጡ። በደረቅ በረዶ የታሸገ ጠርሙስ በቦሌ ጉምሩክ ጥቂት ቀናት ከቆየ በረዶው ተንኖ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ላኪው የሚስማማ ከሆነ ሕዋሱ በሚዲየም (ሕዋሱን በሚመግበው ፈሳሽ) በተሞላ ፍላስክ ውስጥ እያደገ እንዲላክ መጠየቅ የተሻለ ነው። ሲደርስ ለብቻው አቆይተው ማይኮፕላዝማ የተባለው ሕዋስን የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ እንደሌለበት ሳይመረምሩ ከሌሎች ሕዋሳት ጋር በአንድ ኢንኩቤተር (ሙቀቱና ጋዙ በሚስተካከል የሕዋስ ማሳደጊያ ሳጥን) አያስቀምጡ።

ስለ ኢንኩቤተሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ አያነሡትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም የኢንኩቤተሩ አየር በመጠን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢይዝም፣ በሚዲየሙ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በባሕር ወለል ከሚሟሟው በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሚዲየሙም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) በ0.12 ገደማ ከፍ ይላል። ለማስተካከል በስሌት የሚያስፈልገው ከ6.5 በመቶ በጥቂቱ የሚበልጥ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ መለኪያዎች የሚያነቡት የጋዙን ድርሻ ሳይሆን ግፊቱን ስለሆነ፣ መሣሪያው የከፍታ ማስተካከያ ካለው መጀመሪያ እሱን ይሙሉ። ቀጥሎም ሕዋስ የሌለበትን ሚዲየም ክዳኑን አላልተው ኢንኩቤተሩ ውስጥ ያሳድሩና እንዳወጡት ወዲያው ፒኤቹን ይለኩ። ሚዲየሙ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ፣ ማሳያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ጋዙ አልበቃም ማለት ነው።

ዘረመሉን ለማስገባት ሌንቲቫይረስ የተባለው ዘረመል ተሸካሚ ቫይረስ ይመረጣል፤ ዘረመሉን ከሕዋሱ ክሮሞዞም ጋር ስለሚያዋሕደው ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር አብሮ ይተላለፋል። ሥራው በሁለተኛ ደረጃ የደኅንነት ጥበቃ ሥር ይከናወን። ዘረመሉን የተቀበሉትን ሕዋሳት ለመለየት ፑሮማይሲን (መከላከያ ዘረመል የሌለውን ሕዋስ የሚገድል መድኃኒት) የሚጠቀሙ ከሆነ መጠኑን ከሌላ ሰው ጽሑፍ አይቅዱ፤ ያልተለወጠውን ሕዋስ ከ0.5 እስከ 5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ባለው ክልል ፈትነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉንም የሚገድለውን ዝቅተኛ መጠን ይውሰዱ። በዚያው ቀን፣ ከዚያው መነሻ፣ ኤንቲሲፒ የሌለበትን ባዶ ተሸካሚ የተቀበለ ሁለተኛ መስመር ያዘጋጁና ጎን ለጎን ያሳድጉት። ያለዚህ ማነጻጸሪያ በኋላ የሚገኘው ውጤት ከኤንቲሲፒ የመጣ ይሁን ከምርጫው ሂደት መለየት አይቻልም። አቅም ከተገኘ በ267ኛው ቦታ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ በፊኒላላኒን የተተካበትን የኤንቲሲፒ ዓይነት የያዘ ሦስተኛ መስመር ይጨምሩ፤ ይህ ዓይነት የሐሞት ጨው የማስገባት ችሎታውን ያጣ፣ ለሄፓታይተስ ቢም እምብዛም በር የማይከፍት ስለሆነ፣ ፕሮቲኑ መኖሩና መሥራቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

ሄፕጂ2 ተጣብቆ ማደግ ስለሚወድ፣ ከአንድ ሕዋስ የተገኘ መስመር ለመለየት ሲያከፋፍሉት በሚገባ መነጣጠሉን በማይክሮስኮፕ ያረጋግጡ፤ ያለበለዚያ አንድ ያሉት ሕዋስ የሁለትና የሦስት ቅልቅል ይሆናል። ብቻውን ሲቀር በዝግታ ስለሚያድግም ሕዋሳት ያደጉበትን ሚዲየም አጣርተው ከአዲሱ ጋር ቢቀላቅሉለት ይረዳዋል። ብዙ መስመሮችን ያቆዩ፤ ፕሮቲኑን አብዝቶ የሚሠራውን ብቻ መምረጥ ግን አይመከርም፤ የበዛው ፕሮቲን ገጹ ላይ ሳይደርስ በሕዋሱ ውስጥ ሊከማች ይችላልና።

ወደ ማረጋገጫው ስንመጣ፣ የአርኤንኤ ልኬት ዘረመሉ መነበቡን እንጂ ሌላ አይነግርም። ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት ሲመረምሩ ናሙናውን አያፍሉ፤ ሽፋኑን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ሲፈላ ተጣብቆ ከጄሉ አናት ላይ ሊቀር ይችላል። ፕሮቲኑ ስኳር ስለተያያዘበት በብሎቱ ላይ ያለው ምልክቱ ሰፊና ደብዛዛ ሆኖ ይታያል፤ ስኳሩን በሚቆርጠው ፒኤንጌስ ኤፍ ኢንዛይም ሲታከም ግን ጠብቦ ዝቅ ይላል። ለውሳኔ ዋነኛ የሆኑት የሚከተሉት ሁለት ፈተናዎች ናቸው። የመጀመሪያው ፕሪኤስ1 ከተባለው የቫይረሱ ክፍል የተሠራና የሚያበራ ቀለም የተያያዘበትን ፔፕታይድ በሕይወት ባሉ ሕዋሳት ላይ መጨመር ነው፤ ብርሃኑ በሕዋሱ ጠርዝ ላይ መታየት፣ ቀለም የሌለው ፔፕታይድ በብዛት ሲጨመር ደግሞ መጥፋት አለበት። ሁለተኛው ምልክት የተደረገበትን የሐሞት ጨው ማስገባቱን መለካት ነው፤ በፈተናው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሶዲየም ክሎራይድ በኮሊን ክሎራይድ ሲተካ ማስገባቱ በእጅጉ ካልቀነሰ፣ የሚለኩት የኤንቲሲፒን ሥራ አይደለም።

ሁለቱን ፈተናዎች ያለፈውን መስመር ሳይዘገዩ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሕዋሱን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ባለበት ሚዲየም በብዙ ጠርሙስ ከፋፍለው ያቀዝቅዙና በፈሳሽ ናይትሮጅን ያስቀምጡት፤ በመብራት ብቻ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ለዘለቄታው አያስተማምንም። የተወሰኑትን ጠርሙሶች በሌላ ሕንፃ፣ ቢቻል በሌላ ተቋም ያኑሩ። ከሳምንት በኋላ አንዱን አቅልጠው ሕዋሱ መነሣቱንና የፔፕታይዱ ፈተና እንደቀድሞው መሆኑን ይመልከቱ። በየጠርሙሱ ላይ የመስመሩን ስም፣ ስንተኛ ዙር እንደተከፋፈለና ቀኑን ይጻፉ፤ ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም ያመልክቱ።