ቡና ላይ የሚባለው ምስጋና «ጤና፣ ሰላም» ብቻ ሲሆንብን የሠራው መላ

ማታ ቡና ላይ ሁሉም በየተራ የሚያመሰግንበትን ይናገር ተብሎ ይጀመርና ሳምንት ሳይሞላው «ጤና፣ ሰላም፣ ተመስገን» ብሎ ማለፍ ይሆናል።

ዋናው ጥፋት ቅደም ተከተሉ ነው። በወጋችን ታላቅ ይቀድማል፤ አባት «ጤናችንን ስለሰጠን ተመስገን» ካሉ በኋላ የ7 ዓመት ልጅ ምን ይጨምር? ከትንሹ ይጀመር። ታላቆች መጨረሻ ላይ ይናገሩና ወደ ምርቃቱ ይግቡ።

ሰዓቱም ይቀየር። አቦል ሲቀዳ ስኒ ማቀበል፣ ስኳር ማማሰል፣ ፈንዲሻ መዝገን አለ፤ ማንም ማንንም አይሰማም። አቦል ተጠጥቶ፣ ጀበናው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶናው እስኪፈላ ያለችው ክፍተት ትሻላለች፤ እጅ ባዶ ነው። ስልክ ቡፌው ላይ ይቀመጥ። ለአንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

የሚነገረው የዛሬ፣ በዓይን የታየ ነገር ይሁን። «ውሃ መጣ» አይበቃም፤ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሃ ሲመጣ እማዬ ተነስታ ሁለቱንም ጀሪካን ሞላች» ይባል። ልጅ ቃል ካጣ «ዛሬ ማን ምን ሰጠህ?» ብሎ መጠየቅ ይከፍተዋል።

ነገሩን የሚያበላሸው ሽሙጥ ነው። «ዛሬ እንኳን ሳህን ስላጠበ ተመስገን» ወቀሳ እንጂ ምስጋና አይደለም፤ «እንኳን» የምትለዋ ትውጣ። ያኮረፈ ሰው «እለፉኝ» ካለ ይታለፍ። በየቀኑ ሲሆን ቶሎ ይደርቃል፤ ረቡዕና እሑድ ይበቃል።