ካርታ አዳዩ ሲሳሳት፦ ችግሩና መፍትሄው

የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ወደ ላስ ቬጋስ ሊሄድ ነው። እዚያ ዓመታት የሠራሁበትን ሙያ፣ በካዚኖ (በቁማር ቤት) ብላክጃክ የሚባለውን ጨዋታ ካርታ ማደልን፣ ደብረ ማርቆስ እናቱ ቤት አለማምደዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ እናነጥፋለን፤ ከሰፌድ የምናነሳት አንዷ ሽምብራ አምስት ዶላር ናት። በብላክጃክ ከ21 ሳያልፍ ወደ 21 ይበልጥ የቀረበ ያሸንፋል፤ አዳዩ ግን በተለምዶ 17 ከሞላው መቆም ግዴታው ነው። ልጁ ትናንት ማታ 17 ሞልቶት ሳለ ሌላ ካርታ ሳበ። መሳሳቱን ሲያውቅ ላብ አጠመቀው፤ ካርታዎቹንም ጠራርጎ ደባለቃቸው። እኔን ያስደነገጠኝ ስህተቱ ሳይሆን መደባለቁ ነው።

ችግር፦ አዳዩ 17 ሞልቶት ካርታ ጨመረ

ብዙ ጊዜ የድምር ስህተት ነው። በአራት ትንንሽ ካርታዎች የተሞላ 17 ዓይን ያታልላል። እንደ 1 ወይም እንደ 11 የሚቆጠረው አስ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል፦ አስና 6 የያዘ አዳይ በአንዳንዱ ጠረጴዛ ይቆማል፣ በሌላው ይጨምራል። ደንቡ ብዙ ጊዜ በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ተጽፏል፤ ጠረጴዛ የቀየረ አዳይ ግን የትናንቱን ይዞ ይመጣል።

መፍትሄው እጅን ማንሳት፣ ተቆጣጣሪ መጥራት፣ እስኪመጣም ምንም አለመንካት ነው። በአሜሪካዋ የኒው ጀርዚ ግዛት ደንብ ትርፉ ካርታ ከጨዋታው ይወጣል፤ የአዳዩ 17 ይጸናል።

ችግር፦ «በቃኝ» ላለ ተጫዋች ካርታ ተሰጠ

አዳዩ የእጅ ምልክቱን ሳይጠብቅ ስቧል። ጣት ጠረጴዛውን ሲነካ «ጨምር»፣ መዳፍ ወደ ጎን ሲወዛወዝ «በቃኝ» ነው። ቃል ብቻ የማይበቃው ካሜራው ከላይ የሚያየው እጅን ስለሆነ ነው። በኒው ጀርዚ በስህተት የተገለጠው ካርታ ቀጣዩ ካርታ ሆኖ በተራ ይቀርባል፤ አልቀበልም ያለ ተጫዋች በዚያ ዙር ሌላ አይሰጠውም። በሌላ ቦታ እንደየካዚኖው አሠራር ተቆጣጣሪው ይወስናል።

ችግር፦ ክፍያው ጎደለ ወይም በዛ

መጀመሪያ ጨርቁን ያንብቡ። ለብላክጃክ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ለሞላ 21፣ 3 ለ2 በሚከፍል ጠረጴዛ 10 ዶላር 15 ያስገኛል፤ 6 ለ5 በሆነው 12 ብቻ። ልዩነቱን ያላወቀ ተጫዋች ያልተበደለውን ይከሳል።

ስህተቱ እውነት ከሆነ ግን ማስረጃው ካርታው ነው። አዳይ ካርታ የሚሰበስበው በተራ ነው፤ ተቆጣጣሪው ከተጣሉት ላይ ወደኋላ እየመለሰ የእያንዳንዱን እጅ እንደነበረ መልሶ ይዘረጋዋል። የእህቴ ልጅ ያጠፋው ይህንን ነው። ሲደባለቅ የሚቀረው የካሜራው ምስል ነው፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል። በብልጫ የተከፈለም ሲታወቅ ሊመለስ ይችላል።

ተጫዋቹም የሚቀጥለው ካርታ ሳይታደል ይናገር። «ዝም አይነቅዝም» ተብለን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ እንጎዳለን፤ ስንት የአገሬ ልጅ ገንዘቡ እንደጎደለ እያየ አፍሮ ሲነሳ አይቻለሁ፣ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ችግር፦ ከካዚኖው ጋር መስማማት አልተቻለም

ላስ ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት ክርክሩ 500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ካዚኖው ለግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ተጫዋቹ ምርመራ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሊነግረው ይገደዳል።

ዛሬ ማታ ልጁ 17 ላይ እንደገና ጨመረ። ሁለት እጁን ከጋቢው ላይ አነሳና «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩልኝ» አለ። ካርታዎቹ እንደታደሉ ነበሩ።