በፌስቡክ እርዳታ ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ለተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም የምታሟላ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለችን። የፌስቡክና የቴሌግራም ገጿን የምይዘው እኔ ነኝ። እነዚህን ስህተቶች ከሰው አልሰማኋቸውም፤ አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ትልቁ የልጅን ፊት መለጠፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የአንዲት ተማሪ ፎቶ ለጠፍን። የተቀደደ ጫማ፣ እንባ ያቀረረ ዓይን። ሼሩ ጉድ ነበር፤ ብሩም ገባ። በሳምንቱ አያቷ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ገበያ ላይ አስቆሙኝ። ኮረሪማና ሚጥሚጣ የሚሸጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ለደብተሩ አላህ ይስጣችሁ። ግን ክፍል ውስጥ 'የፌስቡኳ ለማኝ' እያሏት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች» አሉኝ። ፎቶውን ያኔውኑ አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ሼር ያደረገውና ስልኩ ላይ ያስቀረው ብዙ ነው። አሁን የምናነሳው እጅ፣ ደብተር፣ ከኋላ የሚታይ ቦርሳ ነው። ፊት የግድ ካስፈለገ ወላጅ አይቶት፣ የት እንደሚለጠፍ ተነግሮት ይፈርማል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም አትርሱ።

የሒሳብ ቁጥርን ፖስተር ላይ ብቻ መጻፍም አለ። የንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አሃዝ ነው። ሰው ፖስተሩን የሚያየው ብር በሚልክበት በዚያው ስልክ ነው። ታዲያ ቁጥሩን በቃሉ ይያዘው? ኮፒ እንዲያደርገው በጽሑፍ አስቀምጡለት፣ የቴሌብሩንም ጭምር። ሒሳቡ ደግሞ በማኅበሩ ስም ይሁን። «ለጊዜው» ተብሎ የሚለጠፍ የሰብሳቢ የግል ሒሳብ ሐሜት ይወልዳል።

ስክሪንሹት አይታችሁ አታመስግኑ። ኤዲት የተደረገ ደረሰኝ ተልኮልን ሰውየውን በአደባባይ አመስግነነዋል። መጀመሪያ ሒሳቡን እዩ።

ጅማ ላይ ሆኖ በአማርኛ ብቻ መጻፍ ግማሹን ሰፈር መተው ነው። አፋን ኦሮሞውን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው፤ የማሽን ትርጉም መሳቂያ ያደርጋል።

ዳያስፖራውን «ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) ክፈቱልን» ስንል ደግሞ ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባንክ እንደማይከፍል እንረሳለን። ገንዘቡን የሚቀበለው ውጭ ያለ ሰው ነው። እሱ ማን እንደሆነና ብሩ በምን መንገድ እዚህ እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ ጥያቄው ኮመንት ላይ ይፈነዳል።

ብሩ ከገባ በኋላ መጥፋትስ? እኛ በነሐሴ ለምነን እስከሚቀጥለው ነሐሴ ድምፃችን አይሰማም ነበር። ዘንድሮ ደብተሩን ባጃጅ ላይ ስንጭን የተነሳች ደብዛዛ ፎቶ ከነደረሰኙ ለጠፍን። ከአጋሮ አንዱ «ዝም ስትሉ በልታችሁት መስሎኝ ነበር» ብሎ ጻፈና እዚያው ላከልን።

ኢንቦክስ አለማየትም የእኛው ነው። አንድ ልብስ ሰፊ «የዩኒፎርሙን ስፌት በነፃ ልሥራላችሁ» ብሎ በነሐሴ ጽፎልን ነበር። ያየነው በኅዳር ነው።