አዲስ ስማርት ስልክ በካርድ ብቻ፦ ሂሳባችሁ ሳያልቅ እንዴት እንደሚጀመር

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ብዙ ሰው ቤቱ ዋይፋይ የለውም። ያለው በካርድ የሚሞላ ሲም ነው። አዲስ ስማርት ስልክ ሊገዛ ሲያስብ «ይህ ሲም ይችለዋል ወይ?» ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ይችለዋል። የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው። አዲስ ስልክ ገና ሲከፈት ብዙ ዳታ ይጎትታል። ጥቅል ሳይገዛ ከተከፈተ የሞላችሁት ካርድ አንድ ስልክ ሳትደውሉበት ያልቃል።

ሱቅ ላይ

ሲማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት ስልኩ ውስጥ አስገቡት፣ ደውሉ፣ ዳታ ከፍታችሁ እዩ። ከአሜሪካ ለመጣ ስልክ ይህ ግዴታ ነው። እዚያ ብዙ ስልክ የሚሸጠው ለአንድ ኩባንያ ኔትወርክ ብቻ ተቆልፎ ነው። አይፎን ራሱ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኤቲ ኤንድ ቲ ከሚባለው የአሜሪካ ቴሌኮም ኩባንያ ጋር ብቻ ነበር፤ ውሉም የ2 ዓመት ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ስለሚገዛ ሲሙ በካርድ መሆኑ ስልኩን አያግደውም። የሚያግደው ቁልፉ ነው።

*#06# ስትደውሉ የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ያገለገለ ስልክ ከሆነ እዚያው ሁሉንም እንዲያጠፉላችሁና እንደ አዲስ እንዲከፍቱት ጠይቁ። የቀድሞ ባለቤቱን የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ከጠየቀ ጥላችሁ ውጡ። ዋጋው ምንም ቢረክስ።

መርካቶ ላይ የፈጠነ ኢንተርኔት ግን ስለ ሰፈራችሁ ምንም አይነግራችሁም። ቤታችሁ ውስጥ የትኛው ኔትወርክ እንደሚሻል ጎረቤት ጠይቁ። ሳፋሪኮም ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ስላለ ምርጫው አንድ ብቻ አይደለም። ባለሁለት ሲም ስልክ ውሰዱ፤ አንዱን ለጥሪ፣ ሰፈራችሁ ላይ የሚፈጥነውን ለዳታ አድርጉት። ሰፈራችሁ 5ጂ ከሌለው ደግሞ ለ5ጂ ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ያንን ገንዘብ ለጥሩ ባትሪ ብታውሉት ይሻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትፈልጉት እሱን ነው።

ሲማችሁ የቆየ ከሆነ 4ጂ ላይዝ ይችላል። መታወቂያ ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና ቁጥራችሁ ሳይቀየር አዲስ ሲም አውጡ። ትልቁን ሲም በመቀስ መቁረጥ ይቅርባችሁ።

መጀመሪያ ጥቅል፣ ከዚያ ዳታ

ቤት ስትገቡ ሲሙን ከመክተታችሁ በፊት በድሮው ስልካችሁ ጥቅል ግዙ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*999# ወይም በቴሌብር ይገኛል። የሌሊት ጥቅል ረከስ ስለሚል ትልልቁን ነገር ለማውረድ እሱን እመርጣለሁ። ቀሪ ሂሳባችሁን በ*804# እዩ።

አሁን ሲሙን አስገብታችሁ አዲሱን ስልክ ክፈቱ። አንድሮይድ ከሆነ ኢንተርኔት እንድታገናኙ ሲጠይቃችሁ እለፉት። አይፎን ግን ያለ ኢንተርኔት አይነሳም፤ ጥቅሉ አስቀድሞ መገዛቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስልኩ ሲነሳ የሞባይል ዳታውን ዝጉና ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። የዳታ ገደብ የሚለውን ፈልጉና ከገዛችሁት ጥቅል ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉት። እዚያ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ዳታውን ይዘጋዋል። ይህ አንድሮይድ ላይ አለ፤ አይፎን ላይ «ዝቅተኛ ዳታ» የሚለውን አብሩ። ገደብ ካላስቀመጣችሁ ጥቅሉ ሲያልቅ ስልኩ ወደ ዋናው ሂሳብ ይዞራል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሆትስፖት ላይ ነው። የጓደኛችሁን ሆትስፖት ስታገናኙ አዲሱ ስልክ ነጻ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል። መተግበሪያዎቹን ሁሉ ማደስ ይጀምራል። የስልኩ የራሱ ማሻሻያም ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል። የጓደኛችሁ ጥቅል በአንድ ሻይ ሰዓት ያልቃል። አንድሮይድ ላይ የሆትስፖቱን ስም ነክታችሁ በመለኪያ የሚከፈል እንደሆነ ምረጡለት። ማሻሻያውን መሥሪያ ቤት ወይም ዋይፋይ ያለው ካፌ ስትደርሱ አውርዱት፤ የደህንነት ማስተካከያ ስላለበት ጭራሽ አትተዉት።

ከዚያ ቴሌግራም። ዳታ የሚለው ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉት። ዋትስአፕም እንዲሁ። ቲክቶክና ዩቲዩብ የዳታ ቁጠባ አላቸው፤ አብሩት።

ሁለት ሦስት ቀን ከተጠቀማችሁ በኋላ የትኛው መተግበሪያ ብዙ እንደበላ ሴቲንግ ላይ ተመልከቱ። ሳትከፍቱት የበላውን ከጀርባ እንዳይሠራ ከልክሉት።

4ጂ ቤታችሁ ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል። የኔትወርክ ምርጫውን ወደ 3ጂ ዝቅ አድርጉና ለአንድ ቀን ሞክሩት። መስኮት አጠገብም ካልሠራ፣ ሲማችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውላችሁ ሰፈራችሁንና የብሎክ ቁጥራችሁን ንገሯቸው።